ኤን ፒ አሩን በቅያሪ መስጠት ወይስ ለብቻው መሸጥ? ከደብረ ብርሃን አንድ የጉዳይ ጥናት

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ የደብረ ብርሃን ባለንብረት የ2010 ሞዴል አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪናውን ለቆ ከእሱ ወደሚበልጠው አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ለመሻገር ተነሣ። መኪናው ኮድ 3 (የንግድ) የአማራ ታርጋ ነበረው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈለት 35 ኩንታል ነው። ከባሶና ወራናና ከአንጎለላና ጠራ ገብስና ባቄላ ወደ አዲስ አበባ ያወርዳል፤ ከሸዋ ሮቢት ደግሞ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ጣርማ በር የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ይወጣል።

ሁለት መንገድ ቀርቦለታል። አዲስ አበባ ያለ የመኪና መሸጫ ያገለገለ ኤፍ ኤስ አር በ6,400,000 ብር አቅርቦ፣ ኤን ፒ አሩን በ2,200,000 ሊይዝለት ተስማማ። 4,200,000 ብር ይጨምራል፣ በዚያው ሳምንት ትልቁን መኪና ይዞ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ያሉ ደላሎች ግን «ወረቀቱ ከጸዳ ከ2,400,000 እስከ 2,500,000 ያወጣል» አሉት። ላይ ላዩን ሲታይ ከ200,000 እስከ 300,000 ብር የሚደርስ ልዩነት ነው። ብዙ ሰው ውሳኔውን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ ወይ ብሩ አጓጉቶት ለብቻው ሊሸጥ ይሄዳል፣ ወይ ጣጣው አስፈርቶት በቅያሪ ይሰጣል። ሁለቱም ቁጥሮች ግን እንዳሉ የሚታመኑ አልነበሩም።

የቅያሪው እውነተኛ ዋጋ

በቅያሪ ውስጥ ሁለት ዋጋ በአንድ ድርድር ይጠቀለላል፤ የአዲሱ መግዣና የአሮጌው መሸጫ። ሻጩ አንዱን ከፍ አድርጎ ሌላውን በልግስና መልክ ከፍ ሊያደርግልህ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሠራው ሥራ ሁለቱን መለየት ነበር። የባለንብረቱ ዘመድ ስለ ኤን ፒ አሩ ምንም ሳያነሣ ያንኑ ኤፍ ኤስ አር «በእጅ በእጅ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀና ፕሮፎርማ ተቀበለ፤ 6,250,000 ብር። ስለዚህ ቅያሪው ለኤን ፒ አሩ የሚከፍለው በትክክል 2,200,000 ሳይሆን 2,050,000 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው።

መሸጫው ይህን ያህል ዝቅ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው አዲስ አበባ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ሲሸጥ በዚያን ጊዜ ፋይሉ ከክልል መዛወር፣ ታርጋው መቀየር ነበረበት። እስኪሸጥ ድረስ ገንዘቡ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ከዚህ ሌላ የመሸጫው መካኒክ መኪናውን አይቶ አራት ነገር ጽፎበት ነበር፦ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም፤ ራዲያተሩ ዙሪያ የደረቀ ውሃ ምልክት ስላለ የቴስታታ ጉዋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል፤ የፍሬን ሸራ አልቋል፤ የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) ተሰብሯል። ገዢ የማያውቀውን ነገር ሁሉ በከፋው ግምት ይተምነዋል። ጥያቄው ከእነዚህ አራቱ የትኛው በትንሽ ወጪ ይጠራል የሚለው ነው፤ ውሳኔውንም ያዞረው ይኸው ነው።

የሞተሩ ወረቀት

ትልቁ ቅናሽ የመጣው ከብረት ሳይሆን ከወረቀት ነው። የመጀመሪያው ሞተር ከጥቂት ዓመታት በፊት ተበላሽቶ በሌላ ያገለገለ 4ኤችጂ1 ሞተር ተተክቷል፤ ሊብሬው ላይ ግን የድሮው ቁጥር እንዳለ ነው። በየዓመቱ ቦሎ እየተለጠፈ ስለሠራ ችግሩ አልታየም። ስም ሲዞር ግን መርማሪው የሻንሲውን (የመኪናውን ዋና የብረት አካል) ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከፋይሉ ጋር ስለሚያመሳክር እዚያው ይቆማል። እንዲህ ያለ መኪና ለብቻው ቢሸጥም የሚገዛው «ችግሩን እኔ እወጣዋለሁ» የሚል ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከመሸጫው የተሻለ አይከፍልም።

መፍትሔው ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱንና መገዛቱን ማሳየት ነው። ባለንብረቱ ሞተሩን የገዛበትን ደረሰኝ ይዞታል፤ ከመለዋወጫ ነጋዴው ደግሞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ኮፒ አገኘ። ከማመልከቻ ጋር ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አቀረበ፣ ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር በአካል ታየ፣ ሊብሬው ላይ አዲሱ ቁጥር ሰፈረ። ከመሄዱ በፊት የሞተሩን ብሎክ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጥቦ ቁጥሩ በግልጽ እንዲነበብ አድርጓል። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በዘይትና በአቧራ የተሸፈነ ቁጥር ተፍቆ የተመታ ይመስላል፣ ጥርጣሬ ከተነሣ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ምርመራ ይሄዳል።

ዲክላራሲዮኑ ባይገኝ ኖሮ የጉዳዩ መልስ ይገለበጥ ነበር። ሻጩ ሊያጠራው የማይችለው ወረቀት ያለበት መኪና ጉድለቱን አውቆ፣ በጽሑፍ ተቀብሎ ለሚይዘው መሸጫ ቢሰጥ ይሻላል።

«ሞተር ይሞቃል» የሚለው ጥርጣሬ

ሁለተኛው ነገር ደጋ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ስለሚጠቅም በዝርዝር እንየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ነው፤ ጣርማ በር ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሞተሩ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጭነት ይዞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ የሞተሩ ውሃ በቀላሉ 90ን ያልፋል። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ሲላላ ወይም ጎማው ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ጤነኛ ሞተር ውሃ ይተፋል፣ ሹፌሩ ይሞላል፣ እንደገና ይተፋል። ያው ክዳን ቆላ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ክዳንን ከቴስታታ ጉዋርኒሲዮን ለመለየት የተደረገው ምርመራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑ ተነሣ፣ ራዲያተሩ እስከ አፉ ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሣ። ጉዋርኒሲዮኑ የተቃጠለ ቢሆን ውሃው ገና ሳይሞቅ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣ ነበር፤ የላይኛው የውሃ ጎማም በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥሮ ለመጨበጥ ያስቸግር ነበር። ሁለቱም አልታዩም። የዘይት መለኪያው ሲወጣ ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና አልመሰለም። ስለዚህ ክዳኑና ቴርሞስታቱ ተቀየሩ፣ 4,500 ብር። ከዚያ 30 ኩንታል ተጭኖ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ከመሐል አላለፈም፣ ውሃም አልተፋም። መሸጫው ለቴስታታ ሥራ ሲል ያነሣው ቅናሽ መሠረት አልነበረውም ማለት ነው።

የተሠራውና ያልተሠራው

የፍሬን ሸራው ለአራቱም እግር ተቀየረ፤ ከነሥራው 26,000 ብር። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ እስኪደርስ በሚወርድ መንገድ ላይ በፍሬን የሚደራደር ገዢ የለም፤ ባይሸጥም መቀየር ነበረበት። ሸራው የሚታሸባቸው ታምቡሮች ሲወልቁ ጠርዝ አለማውጣታቸውና አለመሰንጠቃቸውም ታየ። ለባሌስትራው ሁለት ቅጠልና የመሐል ብሎን ገባ፣ 9,500 ብር። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተሞከሩ፤ ቫልቩ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በ0.40 ሚሊ ሜትር ተስተካከለ፤ ሁለቱ በ13,000 ብር። ዘይትና ፊልትሮ 12,000፣ ምርመራና ወረቀት 5,000። ከክዳኑ ጋር በጠቅላላ 70,000 ብር ወጣ።

ደላላው መኪናው ሙሉ ቀለም እንዲቀባ ወትውቶ ነበር። አልተቀባም። ትኩስ ቀለም የጭነት መኪና ላይ ከዋጋ ይልቅ ጥያቄ ይጨምራል፤ ገዢው የሻንሲው ብየዳ የተሸፈነ ስለሚመስለው ይፍቃል። ይልቁንም ሻንሲው ታጥቦ፣ በተለይ ከጋቢናው ጀርባና የኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያ አጠገብ፣ ስንጥቅም ብየዳም እንደሌለው ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ግልጽ ሆኖ ቀረበ። ከ35 ኩንታል በላይ እየተጫነ የኖረ መኪና ቀድሞ የሚሰነጠቀው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ጎማም አልተገዛም። ከስድስቱ አራቱ ግማሽ ዕድሜ ነበራቸው፤ ለአዲስ ጎማ የወጣ ብር ሽያጩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ገዢውም የሚወደውን ዓይነት ራሱ ይመርጣል። ካሶኔው (የጭነት ሣጥኑ) ላይ የላሉት ብሎኖች ብቻ ጠበቁ።

ስሌቱ

መኪናው ለሽያጭ ሲዘጋጅና ገዢ ሲያየው ስድስት የሥራ ቀን ቆመ። ነዳጅ፣ የሹፌርና የረዳት ሲቀነስ የቀን ትርፉ 5,500 ብር ስለሆነ 33,000 ብር ቀረ። ከጥገናው ጋር 103,000። የደላላ ኮሚሽን ከሻጭ በኩል 2 በመቶ ነው። እንግዲህ ለብቻው መሸጥ ከቅያሪው እኩል የሚሆነው በስንት ነው? 2,050,000 ላይ 103,000 ተደምሮ ለ0.98 ሲካፈል 2,197,000 ብር ገደማ ይመጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ቅያሪው ይበልጣል።

ይህ ወለል ግን ቆሞ አይጠብቅም። ኤፍ ኤስ አሩ በአማካይ ከኤን ፒ አሩ በቀን 4,000 ብር የበለጠ ያስገባል ተብሎ ተገምቷል። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ፣ ሽያጩ አንድ ሳምንት በዘገየ ቁጥር 24,000 ብር ይቀራል፣ ወለሉም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። በአምስተኛው ሳምንት ወለሉ 2,320,000 ብር ደርሷል። ባለንብረቶች በብዛት የሚዘነጉት ይህን ነው። «ትንሽ ብጠብቅ 50,000 ይጨምርልኛል» የሚል ሰው ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ሊጨምርለት የሚችለውን ራሱ በልቶታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የየሳምንቱ ወለል በወረቀት ተጽፎ ተቀመጠ፤ ከዚያ በታች አይሸጥም፣ ከዚያ በላይ የቀረበም ለጥቂት ብር አይመለስም።

ሌላው ፍርሃት ኤፍ ኤስ አሩ በመሐል ይወደዳል የሚል ነበር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪና ዋጋ እንዴት እንደ ወጣ ያየ ሰው ይህን ፍርሃት አይንቀውም። መልሱ ቀብድ ሆነ። ለመሸጫው 300,000 ብር ተከፍሎ፣ የኤፍ ኤስ አሩ ሻንሲ ቁጥር፣ 6,250,000 ዋጋውና የ60 ቀን ጊዜ በውል ሰፈረ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ ዋጋ ጨምሮ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚይዘው ይህ ነው። ባለንብረቱንም ይይዘዋል፤ በ60 ቀን ውስጥ ካልሸጠ ወይ ከሌላ ቦታ ብር ይፈልጋል፣ ወይ 300,000 ያጣል። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ ጊዜው እስኪያልቅ ኤን ፒ አሩን በ2,050,000 በቅያሪ የማስረከብ መብት አለው። መሸጫው በዚህ ለመስማማት አልተቸገረም፤ ያንን ዋጋ ራሱ ነበር ያቀረበው።

ወቅቱም አግዟል። ኅዳርና ታኅሣሥ እህል ከአውድማ የሚነሣበት ጊዜ ስለሆነ በሰሜን ሸዋ የኤን ፒ አር ፈላጊ ይበዛል። ኤፍ ኤስ አር የማይገባባቸው የቀበሌ መንገዶች ላይ፣ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ጠጠር መንገድ ላይ፣ ኤን ፒ አር ነው የሚሠራው። ክረምት ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጭነት ሲቀንስ፣ ይኸው መኪና ይህን ያህል ጠያቂ አያገኝም። የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገዢም አይመጣም፤ የ60 ቀኑ ጊዜ ሰፋ ተደርጎ የተወሰደውም ለዚህ ነው።

ገዢው ሲመጣ

የገዛው የሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ በክልሉ ስለሚኖር የአማራ ታርጋው ለእሱ ወጪ አይደለም። መካኒኩን ይዞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረሰ። ሌሊቱን ውርጭ ነበር፤ መስታወቱ ገና አልተገፈፈም። መካኒኩ ከሁሉ በፊት ጓንቱን አውልቆ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሞቆ ቢያገኘው ቀድሞ ተነሥቷል ብሎ ይጠረጥር ነበር፤ በዚህ ብርድ ያልተነሣ ናፍጣ ሞተር ሲነሣ የሚያሳየውን ጭስ የሚደብቅ ሻጭ ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው። ቁልፉ ሲዞር ለአንድ አፍታ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ጠራ። ሰማያዊ ሆኖ ቢቀጥል ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀና ዘይት የሚበላ ሞተር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የዘይቱን ክዳን ፈቶ ቀዳዳው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም። የሚወረውረው ቢሆን ግፊቱ ከፒስተን በታች ያልፋል፣ ሞተሩም ሬክቲፊካ (የውስጥ ሙሉ ጥገና) የሚገባበት ጊዜ ቀርቧል።

ከ2,500,000 ተነሥቶ ድርድሩ 2,450,000 ላይ ሲቆም ገዢው «ጋሼ፣ ለአሁኑ ውክልና ይስጡኝ፤ ስሙን ከጥምቀት በኋላ አዞራለሁ» አለ። ይህ በየቀኑ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ግን መደራደር አይገባም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። ስሙ እስካልዞረ ድረስ ፋይሉ ላይ ባለቤት ሆኖ የሚታየው ሻጩ ነው። መኪናው ቁልቁለት ላይ ሰው ቢገድል ክሱ የሚደርሰው ደብረ ብርሃን ነው፤ ያኔ «ሸጬዋለሁ» ብሎ ማስረዳት የሻጩ ጣጣ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው ደግሞ እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። ገዢውም አይጠቀምም፤ ወካዩ ቢሞት ውክልናው ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር ይጋፈጣል። ባለንብረቱ 20,000 ብር ቀንሶ ስሙ ወዲያው እንዲዞር ጠየቀ። በ2,430,000 ተስማሙ። ከተከፈለው ሁሉ ይህ 20,000 ብር ለሻጩ የተሻለውን ነገር ገዝቶለታል።

የሻጩ ሚስትም አብራው ፈረመች፤ መኪናው የጋራ ንብረት ስለሆነ ያለ እርሷ ፈቃድ ውሉ አይጸድቅም። ላላገባ ሻጭ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል። ኮድ 3 ስለሆነም የግብር ክሊራንስ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ይህ ወረቀት ያልተዘጋጀለት ሽያጭ ገዢ ብሩን ይዞ ቆሞ ይበላሻል። ውሉ ላይ ሞተሩ የተተካ መሆኑ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ክሩስኮቱ ሲቀየር ከዜሮ የጀመረ ስለሆነ የመኪናውን ዕድሜ እንደማያሳይ በግልጽ ተጻፈ። እያወቀ የደበቀ ሻጭ «ያለበት ሁኔታ ላይ ሸጫለሁ» የሚለው አንቀጽ አያድነውም።

ክፍያው በባንክ ሆነ። በስልክ የመጣ መልእክትም፣ የገዢው ስልክ ላይ የታየ የዝውውር ምስልም እንደ ክፍያ አልተቆጠረም፤ ሁለቱም ገዢው ሒሳብ ባለበት ቅርንጫፍ ሄደው ብሩ በሻጩ ደብተር ላይ መግባቱ ተረጋግጦ ነው ቁልፉ የተሰጠው። ሲረካከቡ ቀንና ሰዓት፣ የስኮርታ (የትርፍ ጎማ) እና የክሪክ ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎ ሁለቱም ፈረሙ። ከዚያ ሰዓት በኋላ ያለ የትራፊክ ቅጣት የማን እንደ ሆነ የሚለየው ይህ ወረቀት ነው። ስሙ የዞረው በዚያው ሳምንት፣ ሻጩ በአካል ተገኝቶ ነው፤ የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ገዢው ከፈለ።

ከ2,430,000 ላይ ኮሚሽኑ 48,600፣ ጥገናውና የቆመበት 103,000 ሲቀነስ 2,278,400 ብር ቀረ። ከቅያሪው በ228,400 ይበልጣል። በአምስቱ ሳምንት ኤፍ ኤስ አሩ ሊያመጣ ይችል የነበረው 120,000 ሲነሣለት የእውነት ትርፉ 108,400 ነው፤ ደላሎቹ በአፍ ካሉት በጣም ያነሰ፣ ግን ለአንድ ባለ መኪና ቀላል ያልሆነ ገንዘብ። ከዚህ ላይ ግብር ይቀራል። የኤን ፒ አሩ ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ በእርጅና ቅናሽ ወርዶ ስለነበር በመዝገብ ዋጋውና በሽያጩ መካከል ያለው ልዩነት የዓመቱ ገቢ ውስጥ ይገባል። በቅያሪ ቢሰጥም ይህ አይቀርም ነበር። ባለንብረቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ስላልሆነ 15 በመቶው አልነካውም፤ ተመዝጋቢ የሆነ ድርጅት ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት ታክሱ በውስጡ መሆን አለመሆኑን መወሰን አለበት። የኤን ፒ አሩ ሙሉ መድን ስሙ በዞረ ማግስት ተሰርዞ ያልተጠቀመበት ወራት ክፍያ ለኤፍ ኤስ አሩ መድን ተያዘለት።